በሬው ሳይሸጥ መድረስ፦ ከአደጋ በኋላ ስለሚሰጥ የሥራና የኑሮ ድጋፍ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ በሦስት ወዳጆቼ በኩል ደርሶኛል። ፍሬ ሐሳቡ «የአደጋ ማግሥት ሥራና ገቢ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም» የሚል ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ከነጥቦቻቸውም የምቀበላቸው አሉ። ድምዳሜያቸው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ክርክር ሆኖ ብቻ አይቀርም፤ በጀት የሚመድብ ሰው አምኖ ቢቀበለው ብዙ ቤት ይፈርሳል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በአንድ የሴፍቲኔት ወረዳ (ሴፍቲኔት ምግብ የሚቸገር ቤተሰብ በሕዝብ ሥራ ተሰማርቶ ብር ወይም እህል የሚያገኝበት የመንግሥት ፕሮግራም ነው)፣ ለሰባት ዓመት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። መዝገብ ይዤ ስም ጠርቻለሁ፤ ከገበሬው ጋር ገመድ ዘርግቼ እርከን ለክቻለሁ፤ ክፍያ ሲዘገይም ሰው ፊት መቆም አቅቶኝ ያውቃል። የፕሮግራሙን ጉድለት ከጸሐፊው ባላነሰ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ድርቅ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የመንግሥት ድርሻ ሕይወት ማትረፍና ስንዴ ማድረስ ነው፤ ሥራ ጊዜውን ጠብቆ ራሱ ይመለሳል ይላሉ። በክፍያ የሚሠራው የአደጋ ጊዜ ሥራ ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ እንደ መድፈን ነው ይላሉ። ድጋፉ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል፤ ሃያ ዓመት የዘለቀው ሴፍቲኔት ለዚህ ምስክር ነው ይላሉ። ዕድርና ደቦ ያለው ሕዝብ እርስ በርሱ ይደጋገፋል ይላሉ። ገንዘብ ከተገኘም ለባለሀብቱ ይሰጥ፣ ሠራተኛውን እሱ ይይዘዋል ይላሉ። በመጨረሻም አገሪቱ ገንዘብ የላትም፣ ያለውም ይሰረቃል ይላሉ። የባለሀብቱን ነገር እስከ መጨረሻው አቆየዋለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

«ስንዴ ማድረስ ይበቃል» ከሚለው ልጀምር። ሕይወት ማትረፍ ይቅደም የሚለውን የሚቃወም የለም። ጥያቄው ስንዴው ሲደርስ ሰውየው ምን ሆኖ ይጠብቀዋል የሚለው ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ ሰው ያለቀው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያንን ረሀብ አጥንቶ እንዳሳየው፣ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበር። የጠፋው የመግዣ አቅም ነው። ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። ቀድመው የተፈናቀሉት እነማን እንደነበሩ ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ግጦሽ ያጡ የአፋር አርብቶ አደሮች፣ ጌቶቻቸው ያሰናበቷቸው የእርሻ አገልጋዮች፣ የቀን ሠራተኞች። አገልጋዩና የቀን ሠራተኛው የሚደርቅ ማሳ አልነበራቸውም። ድርቁ የወሰደባቸው ሥራቸውን ነው፤ ከሥራው ጋር እንጀራቸው ሄደ።

ነገሩን በቅርብ ማየት የሚፈልግ በድርቅ ዓመት የከብት ገበያ ይውጣ። አንድ የጥር ቅዳሜ ከዓይኔ አይጠፋም። በማውቀው ቀበሌ የሚኖር አንድ አባወራ ዳማ በሬውን በገመድ ይዞ ቆሟል። ነጋዴው ቀርቦ ሻኛውን ጨበጥ አደረገና «ይሄማ አልቋል» ብሎ ወደ ሌላው አለፈ። ሌላው መጣ፣ ጎኑን ዳሰሰ፣ ዋጋ ጠራ፤ የጠራው ዋጋ ከሁለት ኩንታል ስንዴ አይበልጥም ነበር። ያው በሬ ጥቅምት ላይ አራት ኩንታል ያወጣ ነበር። በዚያ ቀን ሁሉም ሻጭ ነው፤ ገዢ የለም። እህል ተራ ደግሞ ሁሉም ገዢ ነው፤ ሻጭ የለም። ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሞ በመጨረሻ ሸጠው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። ሁለቱንም የሸጠ ግን መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢያምር፣ አዝመራው ቢሰምር፣ ለእሱ የሚደርሰው ግማሹ ነው። በግማሽ ምርት በሬ አይገዛም። ስለዚህ በሦስተኛውም ዓመት መሬቱ ለእኩል ይሄዳል። ልጁ ትምህርት አቋርጣ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር ደላላ መፈለግ የምትጀምረውም ያኔ ነው። ድርቁ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቤቱ ግን ገና እየፈረሰ ነው። በግንቦት የሚደርስ ስንዴ ይህን ሰው ከሞት ያተርፈዋል፤ በሬውን ግን አይመልስለትም። በጥር የሚደርስ የሥራ ክፍያ በሬው እንዳይሸጥ ያደርጋል። «ሥራው ራሱ ይመለሳል» የሚሉት ጸሐፊ ይህን ልዩነት አላዩትም። በሬ የሌለው ገበሬ፣ ሚዛኗን ጎርፍ የወሰደባት የጉሊት ነጋዴ፣ ጋሪው የተሰበረበት ባለጋሪ ወደ ምን ሥራ ነው የሚመለሱት?

ጉድጓድ ስለ መቆፈርና ስለ መድፈን የተባለው በከፊል እውነት አለው። ኮታ ለመሙላት ብቻ የተሠራ፣ ውኃ ልኩ ያልተጠበቀ፣ በመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ የተናደ እርከን አይቻለሁ። የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ስላልተቀበረለት በአንድ ክረምት ለሁለት የተቆረጠ የገጠር መንገድም አይቻለሁ። ይህ የቀያሽና የተቆጣጣሪ ጉድለት ነው፤ እኔም ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ። ነገር ግን ከብት እንዳይገባባቸው በተከለሉ ተራሮች ሥር የደረቀ ምንጭ እንደገና ሲፈስ ማየቴንም ልደብቅ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በሳተላይት መረጃ ሲመዝነው፣ ከ2005 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ሴፍቲኔት በገባባቸው አካባቢዎች የዛፍ ሽፋን በዚሁ ፕሮግራም ምክንያት በ3.8 በመቶ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ተራራው በሚራቆትበት አገር፣ ለምግብ ዋስትና ተብሎ በተመደበ ገንዘብ የተገኘ መሆኑ ሲታሰብ ግን ትንሽ አይደለም። የሕንዷ ማሃራሽትራ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1973 በከባድ ድርቅ ስትመታ መንገድ፣ ኩሬና የመስኖ ቦይ የሚያሠራ የአደጋ ጊዜ ሥራ ከፈተች፤ በአንድ ወቅት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚያ ሥራ ላይ ነበር፤ የተፈራው እልቂትም ሳይደርስ ቀረ። የሥራው ጥራት ያነሰባቸው ቦታዎች እዚያም ነበሩ። ሰዎቹ ግን በሕይወት ተርፈው፣ አገራቸው ሳይበተን፣ ቤታቸው ሆነው ቀጣዩን ዝናብ ጠበቁ።

አሁን ወደ ጥገኝነት ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ሲደጋገም የምንሰማው እሱ ነውና። ሰዎች ስሙን ሲጠሩት ብዙ ጊዜ ሒሳቡን አይሠሩትም። እኔ ልሥራው። ሴፍቲኔት በጥር 1997 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ የቤተሰብ አባል የሚታሰብለት ሥራ በወር አምስት ቀን ነው፤ ይህም በዓመት ለስድስት ወር። ሠላሳ ቀን መሆኑ ነው። የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አንድ ሰው በዓመት 180 ብር፣ አለዚያም በእነዚያ ስድስት ወሮች በየወሩ 15 ኪሎ እህል ያገኛል ማለት ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በዓመት 900 ብር። እርሻውን፣ ከብቱን፣ ንግዱን ትቶ በዚህ ተማምኖ የሚቀመጥ ሰው የት ይገኛል? በዓመት ከሦስት መቶ በላይ የሚሆኑትን ሌሎች ቀኖች በምን ይኖራቸዋል? ክፍያው በኋላ ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 10 ብር ከፍ ብሏል፤ የእህል ዋጋ ግን ከዚያ በላይ ሮጧል። በ2000 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ ሲንር ብር ይቀበል የነበረው ሰው «እህሉን ስጡን» ማለት የጀመረው ብሩ ስለማያጠግብ ነው።

ጥናቶቹም ቢሆኑ የጸሐፊውን ሐሳብ አይደግፉም። ፕሮግራሙን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ድጋፉን በአግባቡ ያገኙ ቤተሰቦች ምግብ የሚቸገሩበት ጊዜ በዓመት ከአንድ ወር በላይ እንዳጠረላቸው አግኝተዋል። ሰው ከሥራ መሸሹን የሚያሳይ የረባ ማስረጃ ግን አላገኙም። ዘመድ ለዘመድ መላኩን ትቶ ሁሉንም ለመንግሥት ጥሏል የሚለውም አልተረጋገጠም። ጎርፍ መኪናውን የወሰደበት ሰው ከኢንሹራንስ ሲከፈለው «ጥገኛ ሆነ» የሚለው የለም። ከባንክ ተበድሮ የአበባ እርሻ የከፈተ ባለሀብት በረዶ ምርቱን አውድሞበት የብድሩ ጊዜ ሲራዘምለትም ይህ ቃል አይነሳም። ቃሉ የሚወጣው ባለአካፋው ሲመጣ ብቻ ነው። ለምን?

ጸሐፊው ያነሱት አንድ ነገር ግን በትክክልም ያሳፍራል፤ የምረቃው ጉዳይ። ሲጀመር አብዛኛው ተጠቃሚ በአምስት ዓመት ውስጥ ራሱን ችሎ ይመረቃል ተብሎ ታስቦ ነበር። አልሆነም። ይባስ ብሎ ምረቃ ኮታ ሆነ። በነበርኩበት ወረዳ በአንድ ዓመት ይህን ያህል አባወራ አስመርቁ ተብለን ዝርዝር አዘጋጅተናል። ከተመራቂዎቹ አንዷ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ባልዋ የሞተባት ሴት ነበረች። ሁለት በግና አንድ የንብ ቀፎ አላት ተብሎ ስሟ ገባ። የምስክር ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ያዘችና «ይኼን ልጆቼ ይበሉታል?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት ቃል አልነበረኝም። በሚቀጥለው የበልግ ዝናብ እጥረት ሁለቱም በጎች ተሸጡ። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ታሪክ ይዘው «ሃያ ዓመት ሙሉ የማይመረቅ ሕዝብ» ይላሉ። እኔ ግን ከዚያች ሴት የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። እሷን ያዳከማት ድጋፉ አይደለም፤ ጥሪት ሳትይዝ መቋረጡ ነው።

ከዚህም የባሰው የክፍያ መዘግየት ነው። የመጋቢት ክፍያ ሰኔ ላይ የደረሰበት ዓመት አለ። ሥራው ግን በመጋቢት ተሠርቷል። ሰው አካፋ ይዞ ሲወጣ እቤት የሚበላ ስለሌለው ከነጋዴ እህል ይበደራል፤ ክፍያው ሲመጣ ለአንድ ቁና አንድ ቁና ተኩል ይመልሳል። በክፍያ ቀን ነጋዴው ከወረፋው ጫፍ ላይ ደብተሩን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። ሰውየው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ሃያ እርምጃ ሳይራመድ ለነጋዴው ይቆጥርለታል። ይህን እያዩ «ድጋፉ አልሠራም» ማለት ይቻላል። እኔ የማየው ግን የተሠራበት ደመወዝ በጊዜው አለመከፈሉን ነው። መድኃኒቱም ግልጽ ነው፦ በወሩ መክፈል። በሞባይል ስልክና በገንዘብ ተቋማት በኩል ክፍያ መፈጸም ሲጀመር ሰው ለሁለት ቀን እየተጓዘ ወረዳ ከተማ የሚያድርበት ጣጣ በብዙ ቦታ ቀሏል። ይህ መስፋት እንጂ መቋረጥ የለበትም።

ዕድርና ደቦ። ስለ ሕዝባችን መተሳሰብ የጻፉትን ክፍል እያነበብኩ ልቤ ተነክቷል። እኔም የቆምኩት በዕድር ነው፤ አባቴ ሲያርፍ ድንኳን የተከለው፣ እንጀራ ያመጣው፣ ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ያደረው ዕድር ነው። ወንፈልና ደቦ ባይኖሩ የገጠር ቤት ጣሪያ አይወጣለትም ነበር። ነገር ግን ዕድር የሚሠራው አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ቆመው ስለሚገኙ ነው። አደጋ ሁሉን አንድ ላይ ሲመታስ? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ያለ ቤት ቀርተዋል። በወንዙ ዳር የሚኖረው አባልም፣ የዕድሩ ዳኛም፣ ገንዘብ ያዡም በአንድ ሌሊት ተጎጂ ሆኑ። ማን ለማን ያዋጣል?

የጎፋው ሐዘን ከዚህም ይከብዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በቀንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ሲቀብር ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጠ። አካፋ የያዘ አካፋውን፣ ምንም የሌለው እጁን ይዞ እየቆፈረ ሳለ ሌላ ናዳ መጣና የረዳቶቹንም ሕይወት ወሰደ። ከ230 በላይ ሰው አልቋል። እዚያ ቀበሌ መተሳሰብ አልጎደለም፤ ሰዎቹ የሞቱት በመተሳሰባቸው ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት ቤተሰቦች ልጅ ያሳድጉ ዘንድ፣ በሌላ ቦታ እንደገና ይሰፍሩ ዘንድ፣ አዲስ ማሳ እስኪያፈራ ገቢ ያገኙ ዘንድ የሚችል ዕድር የለም። ያ የአገር ድርሻ ነው።

ገንዘብ የለም፣ ያለውም ይሰረቃል የሚለው ነጥብ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያቀላቅላል። ስርቆቱን ላስቀድም። አዎ፣ ተሰርቋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለችግረኛ የመጣ እህል በስፋት ወደ ገበያ ሲወጣ ተደርሶበት፣ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቁመው ለወራት ቆይተዋል። የተያዘው ግን በነፃ የሚታደል እህል ነበር፤ ጸሐፊው «ይበቃል» ያሉት ማለት ነው። ሥራ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ከስርቆት ነፃ ነው አልልም፤ የሌለ ሰው ስም መዝገብ ላይ ሲገባ አይቻለሁ። ነገር ግን ስሙ በቀበሌ ስብሰባ ፊት የሚነበብ፣ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ሥራው ተራራው ላይ የሚታይ ነገር ከተዘጋ መጋዘን ይልቅ ለሌባ ይከብዳል። ጎረቤት «ይኼ ሰው መቼ ወጥቶ ሠራ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ይጠይቃልም። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ሥራ ሳይጠየቁ በቀጥታ ድጋፍ መታቀፋቸው የፕሮግራሙ ደግ ጎን ነው፤ እሱም በስብሰባ ፊት የሚነበብ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን ጸሐፊው የተናገሩት ፍርሃት እኔም ያለብኝ ነው። ወጪው ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በለጋሾች ትከሻ ላይ ኖሯል፤ የአሜሪካ ዕርዳታ በ2017 ዓ.ም. ሲቆረጥም ትከሻው እንዴት እንደሚዝል ታይቷል። እዚህ ላይ እስማማለሁ። የማልስማማው ከዚህ ተነስቶ «እንተወው» በሚለው ነው። ሳንዘጋጅ ስንቀርም እንከፍላለን፤ እንዲያውም አብዝተን እንከፍላለን። ከሴፍቲኔት በፊት በየዓመቱ ዝናብ ሲቀር ልመና ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ድርቅ 13 ሚሊዮን ያህል ሰው እጁን ዘርግቷል። በ2003 ዓ.ም. ድርቅ ግን አስቀድሞ የተቀመጠ የመጠባበቂያ ገንዘብ ስለነበር፣ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው ለሦስት ወር ተጨማሪ ድጋፍ ሲያገኝ ከውሳኔው እስከ ክፍያው የፈጀው ሁለት ወር ገደማ ነው። በልመና መንገድ ቢሆን እህሉ ከወደብ ተነስቶ ቀበሌ እስኪደርስ ከዚያ ብዙ እጥፍ፣ ስምንት ወር ገደማ ይወስድ ነበር። ሁለት ወርና ስምንት ወር በመንግሥት ሰነድ ላይ ቁጥሮች ናቸው፤ በከብት ገበያ ላይ ግን በሬው የተሸጠበትና ያልተሸጠበት ጊዜ ናቸው። በየዓመቱ ከራሳችን በጀት ትንሽ ትንሽ እየቆረጡ ለዚሁ ማስቀመጥ ከአቅማችን በላይ ነው የሚለውን አልቀበልም።

የቀረው የባለሀብቱ ነገር ነው። «ፋብሪካውንና እርሻውን ደግፉ፣ እሱ ሠራተኛውን ይይዘዋል» የሚለው ሐሳብ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል። ድርጅት ከጠፋ ሥራ የለም፤ ይህ እውነት ነው። ድርጅት መደገፉንም አልቃወምም። ግን «ይይዘዋል» የሚለውን ቃል ማን ነው ያስገደደው?

ሕጋችንን እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለተከታታይ 10 ቀን ከተቋረጠ የሥራ ውል እንዲታገድ ይፈቅዳል። እገዳው ሲፀድቅ እስከ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ሠራተኛው የመሥራት ግዴታ የለበትም፤ አሠሪውም ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ሥራው እንደማይቀጥል ከታወቀ ደግሞ የስንብት ክፍያ ተሰጥቶ ውሉ ይቋረጣል። ሕጉን አልነቅፍም፤ ጎርፍ የወሰደው ድርጅት ከየት አምጥቶ ይከፍላል? የምለው ሕጉ አሠሪውን ከግዴታው ሲያወርደው ያንን ሸክም የተሸከመ ሌላ አካል የለም ነው። የሥራ አጥነት መድን የለንም። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ ያ ገንዘብ ግን ለዕርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት እንጂ ሥራ ለቆመበት ሰው አይደርስም። ባለሀብቱ ባንክ አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ የግብር እፎይታ መጠየቂያ ጽሕፈት ቤት አለው። ሸንኮራ የሚቆርጠው፣ ጥጥ የሚለቅመው፣ ጡብ የሚያመላልሰው ሠራተኛ የትኛውን በር ያንኳኳል?

ሴፍቲኔት እንኳን ይህን ሰው አያውቀውም። የገጠሩ ፕሮግራም በቀበሌው ነዋሪነቱ የተመዘገበ፣ ለዓመታት ምግብ የሚቸግረው ቤተሰብን ነው የሚያውቀው። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመርም ድሆችን በሰፈር ምዝገባ ነበር የሚያየው። ከወሎ፣ ከከምባታ ወይም ከወላይታ ተነስቶ አዋሽ ሸለቆ ለለቀማ የወረደ ወጣት ከሁለቱም ውጭ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በዚያው ሸለቆ፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲናወጥ፣ መንግሥት ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀበሌዎች ማውጣት እንዳለበት አስታውቆ ነበር። መጠለያ ተሠራ፣ እህልና ውኃ ተላከ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ግን ከተፈናቀለው መካከል የቀን ሠራተኛው ነበር፤ ሻይ የምታፈላለት ሴት ነበረች፤ ባለጋሪውና ተሸካሚው ነበሩ። እነሱን የጎዳቸው የተሰነጠቀ ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ የግድግዳው ባለቤት እንኳን ላይሆኑ ይችላሉ። በየማታው ይቀበሉት የነበረው የቀን ክፍያ ነው የቀረው። የጉዳት መዝገብ ቤት፣ ከብትና ማሳ ይቆጥራል። «የቀን ገቢ» የሚል ዓምድ ያለው የጉዳት መመዝገቢያ ቅጽ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ጊዜ አልሞላሁም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለተጎዳ መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ከሥራው ሳይሰናበት የሥራ አጥነት አበል እንዲያገኝ ፈቀደች። ሠራተኞቹን ሳያባርር ለያዘ አሠሪም ከሚከፍለው የዕረፍት አበል ከፊሉን ሸፈነች። ድጋፉ ለአሠሪው የደረሰው ሠራተኛውን በመያዙ ነው፤ ጸሐፊው የዘለሉት ይህን ነው። ጃፓን ሀብታም ናት ከተባለ ሕንድን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ የመጠየቅ መብት ሰጠች፤ በኋላም ድርቅና ሌላ የተፈጥሮ አደጋ በታወጀባቸው አካባቢዎች 50 ቀን እንዲጨመር አደረገች። እኛም ብንሆን በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሠራተኛ እንዳይባረር ከልክለን ነበር። ስንፈልግ እንደምንችል አይተናል።

ስለዚህ ለጸሐፊው የምመልሰው ይህን ነው። ባለሀብቱ ይደገፍ፤ ግን የግብር እፎይታውና የብድር ማራዘሚያው በስም ዝርዝር ከተያዙ ሠራተኞች ጋር ይታሰር። እገዳው በፀደቀ ቀን ሠራተኛው በጊዜያዊ የሕዝብ ሥራ፣ በፍርስራሽ ጠረጋ፣ በመንገድና በመጠለያ ሥራ በቀን ክፍያ ይመዝገብ፤ የቀበሌ መታወቂያ የለህም ተብሎ አይመለስ። የጉዳት መመዝገቢያው ላይም የጠፋው የቀን ገቢ ይጻፍ። ይህ አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም፤ መዝገቡ፣ ከፋዩና የሥራው ዓይነት ቀድሞም አሉ።

ይህ ካልሆነ የአዋጁ 90 ቀን ከፊታችን ነው። ዘጠና ቀን ያለ ክፍያ የሚቆይበት ስንቅ ያለው የቀን ሠራተኛ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም አላጋጠመኝም፤ ጸሐፊው የሚያውቁት ካለ ቢነግሩኝ እወዳለሁ።